በባሕር ዳር የሰፈር ጠላ ቤት ለሚፈልጉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለጉብኝት ባሕር ዳር የመጣ ሰው፣ በሐይቁ ዳር ከተደረደሩት ሆቴሎች ወጣ ብሎ በእጅ የተጠመቀ መጠጥ የሚቀርብበትንና የሰፈር ሰው ተሰብስቦ የሚጫወትበትን ቤት ሲያጠያይቅ፣ ብዙውን ጊዜ «የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሂድ» ይባላል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሚያውቅ ሰው ለሌለው እንግዳ ምንም አይፈይድለትም። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተዘጋጁት ለእንደዚህ ዓይነቱ እንግዳ ነው። መልሶቹ ሁሉ የሚመለሱበት አንድ መነሻ ሐሳብም አለ፤ እሱም ጥሩ ጠላ ቤት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ጥሩ ጠማቂ መፈለግ አለበት የሚል ነው።

ጠላ ቤት ሰሌዳ ከሌለው በምን ይታወቃል?

የተለመደው ምልክት በበር ወይም በአጥር አጠገብ በቆመ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። አሁን አሁን በጣሳው ፈንታ የፕላስቲክ ኩባያ ወይም ጠርሙስ የሚደፉም አሉ። ጣሳው ከታየ ጠላ ደርሷል ማለት ነው፤ ጠላው ሲያልቅ ጣሳው ይወርዳል። ስለዚህ ትናንት ያዩት ምልክት ዛሬ ቢጠፋ ቤቱ ተዘግቷል ብለው መደምደም የለብዎትም፤ ባለቤቷ የሚቀጥለውን ጠላ እየጠበቀች ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ምልክቱ የሚወጣና የሚወርድበት ቤት ዓመቱን ሙሉ ጣሳው ተደፍቶ ከሚታይበት ቤት ይልቅ የሚታመንበት ጊዜ አለ፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው የደረሰ ጠላ ሲኖረው ብቻ እንደሚሸጥ በራሱ ሥራ ያሳያል።

ማንን ብጠይቅ ይሻላል?

የባጃጅ ሹፌር ብዙ ቤት ያውቃል፤ ነገር ግን እንግዳ ሰው ሲጠይቀው ዘፈንና ግርግር ወዳለበት ቤት መውሰድ ይቀናዋል። ሱቅ ያላትን፣ እንጀራ የምትሸጠውን ወይም ያከራዩዎትን እናት መጠየቅ ይሻላል፤ ጥያቄውም «ጠላ ቤት የት አለ?» ባይሆን ይመረጣል። ከዚያ ይልቅ «ማኅበር ወይም ድግስ ሲኖርባችሁ ጠላ የምትጠምቅላችሁ ማን ናት?» ብለው ይጠይቁ። የሰፈር ሴቶች ለቤታቸው ድግስ የሚጠሯት ጠማቂ እጇ የተፈተነ ነው፤ ጠላው ቢበላሽ የሚያፍሩት በእንግዶቻቸው ፊት ስለሆነ በዘፈቀደ አይመርጧትም። እንዲህ ያለችው ሴት ብዙ ጊዜ በራሷ ቤትም ትሸጣለች፤ ባትሸጥ እንኳ የምትሸጠውን ታውቃለች።

በተመሳሳይ ምክንያት የቀን ሥራቸውን ጨርሰው የሚወጡ ግንበኞችና አናጢዎች ወዴት እንደሚያዘነብሉ መመልከትም ይጠቅማል። ለመጠጥ የሚያወጡት ገንዘብ የተቆጠረ ነውና ለቀጠነ ወይም ለኮመጠጠ ጠላ አይከፍሉም።

በየትኛው ሰፈር ልፈልግ?

የሐይቁ ዳርና ዘንባባ የተተከለባቸው ዋና ዋና መንገዶች የሆቴል፣ የካፌና የድራፍት ቤት ናቸው። ጠላ ቤት የሚገኘው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በቆዩት ቀበሌዎች የውስጥ መንገድ፣ በገበያና በቤተ ክርስቲያን አካባቢ እንዲሁም ከተማዋ ወደ ገጠር በምትዘልቅባቸው ዳርቻዎች ነው። ወደ ሽምብጥ አቅጣጫና አባይ ማዶ ውስጥ ውስጡን መሄድ ጥሩ ጅምር ነው። በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይ ከተመረቀ ወዲህ ከመሀል ከተማ ወደ ማዶ መሻገር ቀሏል። ቢሆንም የሰፈር ስም ይዞ ከመዞር የጠማቂዋን ስም ይዞ መሄድ ጊዜ ይቆጥባል፤ በአንድ መንደር ውስጥ በጣም ጥሩውና በጣም መጥፎው ጠላ አጥር ለአጥር ሊዋሰኑ ይችላሉና።

ጥሩ ጠላ በምን ይለያል?

ከመቅመስዎ በፊት ያሽትቱ። በደንብ የተያዘ ጠላ የታመሰ እህልና የጭስ ሽታ አለው፤ ጭሱ የሚመጣው ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ከታጠበ በኋላ በወይራ እንጨት ስለሚታጠን ነው። አፍንጫ የሚወጋ የኮምጣጤ ሽታ ካለው አየር ገብቶበታል ወይም ቀኑ አልፏል። ሽታው የረጠበ ጨርቅ ወይም ሻጋታ የሚያስታውስ ከሆነ ጥፋቱ ከጋኑ ነው፤ በዚያ ቤት ደግሞ የሚቀጥለው ጠላም ያው ይሆናል።

ሲቀምሱት መጀመሪያ እህሉ፣ ቀጥሎ የጌሾው ምሬት፣ በመጨረሻም ቀለል ያለ ኮምጣጣነት መምጣት አለበት። ጥቂት ኮምጣጣነት ነውር አይደለም፤ ጠላ በእርሾ ብቻ ሳይሆን ላክቲክ አሲድ በሚያመርቱ ባክቴሪያዎችም የሚብላላ መጠጥ ስለሆነ ፈጽሞ የማይኮመጥጥ ጠላ አይጠበቅም። ነውሩ ኮምጣጣነቱ እህሉን ሲሸፍነው ነው። ጣፋጭነት ከተሰማዎት ወይ ገና አልደረሰም፣ ወይ ስኳር ተጨምሮበታል። ምሬቱ ብቻ አፍ ላይ የሚቀር ከሆነ ጌሾው በዝቷል ወይም እንጨቱ ሳይወጣ ቆይቷል፤ ጌሾ የበዛበት ጠላ ራስ ያማል የሚለውን ብዙ ጠጪ ይስማማበታል።

መልኩን በተመለከተ ጥቁረት የጥራት ምልክት ነው የሚል ልማድ አለ። ጥቁረቱን የሚወስነው አሻሮው (የሚታመሰው እህል) ወይም እንኩሮው (በምጣድ የሚታመሰው ዱቄት) ምን ያህል እንደታመሰ ነው። በልክ የታመሰው የቡና ዓይነት መዓዛ ይሰጣል፤ ያረረው ግን ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ስለዚህ በጣም የጠቆረ ጠላ ሲያዩ ከመደሰትዎ በፊት ይቅመሱ።

ጠላው መቼ እንደተጠመቀ መጠየቅ ነውር ነው?

ነውር አይደለም፤ እንዲያውም አንድ እንግዳ ሊጠይቀው ከሚችለው ሁሉ ጠቃሚው ጥያቄ ይህ ነው። ሥራዋን የምታከብር ጠማቂ ደስ እያላት ትመልሳለች። መልሱን ለመረዳት ግን አሠራሩን በጥቂቱ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ጥቂት ብቅል ገብቶበት ይጠነሰሳል። ጥንስሱ እንደ አየሩ ሁኔታ ጥቂት ቀናት ይቆያል። ብቅሉ እህል በውኃ ከራሰ በኋላ እንዲበቅል ተደርጎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ሲሆን በእህሉ ውስጥ ያለው ስታርች ወደ ስኳር እንዲለወጥ የሚያደርገው እሱ ነው፤ እርሾው ወደ አልኮል የሚለውጠውም ይህንኑ ስኳር ነው። ቀጥሎ ቂጣ ተጋግሮ ይቆራረስና በጥንስሱ ላይ ይጨመራል፤ ከዚያም ዱቄቱ በውኃ ረጠብ ተደርጎ በምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል፤ ከተወቀጠ የጌሾ እንጨት ጋርም ገብቶ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ተከድኖ ከሰነበተ በኋላ ውኃ ይሞላና አፉ ይታሸጋል። በዚህ ሁሉ ከጥንስሱ እስከ መጠጫው ቀን አንድ ሳምንት ተኩል ወይም ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በየቤቱ ቅደም ተከተሉና የቀኑ ቁጥር ይለያያል፤ ሴቶቹም በዚህ ጉዳይ እርስ በርስ አይስማሙም፤ አለመስማማታቸው ነው የየቤቱን ጠላ የተለያየ የሚያደርገው።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከደጋው አገር ይልቅ ትሞቃለች። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ጠላው ቶሎ ይደርሳል፤ ጋኑ ከተከፈተ በኋላም ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ «መቼ ደረሰ?» ከሚለው ይልቅ «ጋኑ መቼ ተከፈተ?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። «ዛሬ» ወይም «ትናንት» ከተባሉ ይቀመጡ። ከዚያ ከቆየ አንድ ብርጭቆ ብቻ አዝዘው ይቅመሱ። «አላስታውስም» የሚል መልስ ካገኙ ግን ሌላ ቤት ቢሞክሩ ይሻላል።

ጉሽ፣ ቅራሪና ፊልተር የሚባሉት ምን ምን ናቸው?

ጉሽ ሳይጠልል ከነደፈረሱ የሚቀዳው ነው፤ ወፍራምና ሆድ የሚሞላ ስለሆነ እንደ ምግብ የሚቆጥሩት አሉ። ቅራሪ ዋናው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ በድፍድፉ ላይ እንደገና ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ነው። ቅራሪ መሸጥ በራሱ ማታለል አይደለም፤ በሙቀት ቀን ጥም ለመቁረጥ ይመረጣል። ማታለል የሚሆነው ቅራሪውን የዋናውን ዋጋ አስከፍሎ ሲቀርብ ነው።

ፊልተር የሚባለው በደንብ ተጣርቶ፣ ብዙ ጊዜ በጠርሙስ የሚቀርበው ጠላ ሲሆን ውኃው አነስ ስለሚል ይበረታል። ተራው ጠላ በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ሲኖረው ፊልተሩ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል፤ ይህም ከፋብሪካ ቢራ ጋር የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ነው። እንግዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ «ጠላ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብለው ፊልተሩን በጣሳ ልክ ይጠጡታል።

የዳጉሳ ጠላ ይሻላል ወይስ የገብስ?

ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ጣዕማቸው ግን የተለያየ ነው። በምዕራብ ጎጃምና በጣና ዙሪያ ዳጉሳ በብዛት ስለሚመረት የባሕር ዳር ጠላ ብዙ ጊዜ የዳጉሳ ነው፤ ወይም ዳጉሳ ከበቆሎ ጋር ይደባለቃል። የዳጉሳው ጠቆር ያለና ጠንከር ያለ ጣዕም አለው። ከደጋው የሚመጣው የገብስ ጠላ ለስለስና ጠራ ይላል። የዚህ መልስ ጸሐፊ የሚያደላው ለዳጉሳው ነው፤ በአካባቢው ያሉ ጠማቂዎች እጃቸው የለመደው እሱን በመሆኑ የመሳሳት ዕድላቸው አነስተኛ ነው። በቆሎ የበዛበት ግን ርካሽ ቢሆንም ቶሎ ይሰለቻል።

ጌሾው ከየት ይመጣል?

ከተለያየ ቦታ ይመጣል፤ ስለ ጌሾ የሚያወራ የባሕር ዳር ሰው ግን ዘጌን ሳያነሳ አያልፍም። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ በሚያስኬደው በዚህ ባሕረ ገብ መሬት ላይ ከጥንት ጀምሮ የሚበቅለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። እንደ አካባቢው ትውፊት ሦስቱን ተክሎች የሰጡት የገዳሙ መሥራች አቡነ በትረ ማርያም ሲሆኑ፣ መሬቱን በበሬ ማረስም የተከለከለ ነበር። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ለሚሄድ ጎብኚ፣ በጫካው መንገድ ግራና ቀኝ የሚያያቸው ቁጥቋጦዎች ማታ በጣሳ የሚጠጣውን ምሬት የሚሰጡት መሆናቸውን ማወቁ አይከፋም።

ጌሾ ምሬት ከመስጠቱ በላይ ጠላውን የሚያበላሹ ተሕዋስያንን በመግታት ያግዛል፤ ለማብላላት የሚረዱ እርሾዎችም ከቅጠሉና ከእንጨቱ ጋር ይገባሉ። ስለዚህ ያረጀ ወይም የሻገተ ጌሾ የገዛች ጠማቂ ከመነሻው ተሸንፋለች ማለት ይቻላል።

በየትኛው ቀንና ሰዓት ብሄድ ይሻላል?

ከቀኑ ዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል። በዚያ ሰዓት ጠላው ገና አልተንቦጫረቀም፣ ባለቤቷም ለመነጋገር ፋታ አላት። ከመሸ በኋላ ያለውን ሁኔታ በተመለከተ የወቅቱን የመዝጊያና የትራንስፖርት ሰዓት ገደብ ከሰፈሩ ሰው አስቀድመው ይጠይቁ።

የገበያ ቀንና የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደማቅ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዐቢይ ጾም፣ የሚጠጣው ሰው ስለሚቀንስ አንዳንድ ቤቶች መጠን ይቀንሳሉ ወይም ጨርሶ አይጠምቁም። በጾም ጸጥ ባለ ቤት የተከፈተ ጋን ሳይጠጣ ሊቆይ እንደሚችል ማስታወስ ተገቢ ነው። በአንጻሩ የጥምቀትና የፋሲካ ሰሞን ሁሉም ቤት ይጠምቃል፤ ያን ጊዜ ጥሩውን ጠላ የሚያገኙት በጠላ ቤት ሳይሆን በጎረቤት ግብዣ ነው፤ ከተጋበዙም ከመሄድ ወደኋላ አይበሉ።

ስገባ ምን ማለት፣ እንዴትስ መቀመጥ ይጠበቅብኛል?

ጠላ ቤት ብዙ ጊዜ የሰው መኖሪያ ቤት ነው፤ ባለቤቷም በዚሁ ገቢ ልጆቿን የምታስተዳድር ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ሲገቡ «እንደምን ዋላችሁ» ብለው የተቀመጠውን ሁሉ ሰላም ማለት ግዴታ ነው። የተቀመጡት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ኖር» ካሉዎት «በእግዜር» ብለው ይመልሱና እንዲቀመጡ ይለምኗቸው። በዕድሜ የገፋች ባለቤትን «እትዬ» ወይም «እማማ» ብሎ መጥራት ደንብ ነው፤ «አንቺ» እያሉ ማዘዝ ግን እዚያ ቤት ሁለተኛ እንዳይመለሱ ያደርጋል።

መቀመጫው መደብ ወይም አግዳሚ ስለሆነ ለብቻ የሚያዝ ጠረጴዛ አይጠብቁ። የምትቀዳዋ ሴት ጥቂት ጠላ በመዳፏ ላይ አፍስሳ ቀምሳ ብትሰጥዎ አይገረሙ፤ መጠጡ ምንም እንደሌለበት ለማሳየት የቆየ ልማድ ነው። ጣሳዎ ሲጎድል ሳይጠየቁ ሊሞላልዎት ይችላል፤ በቃኝ ለማለት እጅዎን በጣሳው አፍ ላይ ማድረግ ይበቃል። አጠገብዎ ያለው ሰው ከጋበዘዎት ወዲያውኑ በተራዎ ለመጋበዝ አይጣደፉ፤ ግብዣን በቅጽበት መመለስ ብድር እንደመክፈል ሊቆጠር ይችላልና ጨዋታው ትንሽ እስኪሄድ ይቆዩ። ፖለቲካ የሚነሳ ከሆነ ማዳመጥ ይበቃል። ሰውንም ሆነ ቤቱን ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ።

ሴት ብቻዋን ብትሄድ ምን ይገጥማታል?

ጠማቂዋም አሳላፊዋም ሴት ሆና ሳለ ጠጪው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በብዙ ቤት ሴት ደንበኛ በክብር ትስተናገዳለች፣ ነገር ግን ዓይን ይበዛባታል። ቀን መሄድ፣ ከባለቤቷ አጠገብ ወይም ወደ ጓዳው ቀረብ ብሎ መቀመጥና በመጀመሪያው ጊዜ ከሰፈሩ ሴት ጋር መግባት ነገሩን ያቀለዋል። በቤቱ ውስጥ የሰከረና የሚጮህ ሰው እያለ ባለቤቷ ዝም ካለች ያ ቤት ለሴትም ለወንድም አይሆንም። ጥሩ ባለጠላ ማንን «ለዛሬ ይብቃህ» እንደምትል ታውቃለች።

ምን እየበላሁ ልጠጣ?

ቆሎ በሁሉም ቦታ አለ፤ ዳቦና ንፍሮም በአንዳንድ ቤት ይገኛል። ጠገብ ለማለት ካሰቡ ቀድመው አሳ ይብሉ። የጣና ቆሮሶ ጥብስ በሚጥሚጣ ከተበላ በኋላ የዳጉሳ ጠላ ሲጠጣበት ምሬቱ ዘይቱን ይቆርጠዋል፤ በዚህ ከተማ ከዚህ የተሻለ ጥምረት ማግኘት ያስቸግራል። ባዶ ሆድ ጉሽ መጠጣት ግን አይመከርም።

ጠጅ ቤትና አዝማሪ ቤትስ?

ጠጅ ቤት የራሱ ዓለም ነው፤ መጠጡ በብርሌ ይቀርባል፣ ከጠላም በእጅጉ ይበረታል። ጎጃም የማር አገር ስለሆነ እውነተኛ የማር ጠጅ ማግኘት ይቻላል፤ ሆኖም ስኳርና ማቅለሚያ የገባበትም ስላለ በጣም የሚያበራ ቢጫ መልክና አፍ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭነት ካዩ ይጠርጥሩ። አልኮል የማይጠጣ ሰው ብርዝ ማዘዝ ይችላል። አዝማሪ ቤት የሚኬደው ለማሲንቆውና ለግጥሙ ነው፤ ስለ መጠጡ ጥራት ብዙ የሚባል የለም።

በባሕር ዳር ክራፍት ቢራ ይገኛል?

በውጭ አገር እንደሚታወቀው በየሰፈሩ የራሱን ቢራ ጠምቆ በየዓይነቱ የሚቀዳ ቤት የተለመደ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ የሚገኘው ቢር ጋርደን ኢን ቢራውን እዚያው ጠምቆ በማቅረብ ይታወቃል፤ ባሕር ዳር ላይ ግን እንዲህ ያለውን ፍላጎት የሚያረካው ጠላ ነው። የአሜሪካ አነስተኛ ጠማቂዎች ማኅበር አንድን ፋብሪካ «አነስተኛ» የሚለው በዓመት ከ6 ሚሊዮን በርሜል የማይበልጥ ካመረተ ነው፤ ይህም 7 ሚሊዮን ሄክቶ ሊትር ገደማ ይሆናል። አባይ ማዶ በአንድ ጋን የምትጠምቀው ሴት ይህን መለኪያ ብትሰማ ምን እንደምትል መገመት አያዳግትም።

ድራፍት ብቻ ብፈልግስ?

ድራፍት ቤት በከተማዋ ሞልቷል፤ በባሕር ዳር ሰው ዘንድ ቅርብ የሆነው ጎንደር የሚጠመቀው ዳሸን ሲሆን ሌሎቹም ይገኛሉ። እዚህ ላይ የሚፈለገው ብዙ የሚሸጥ ቤት ነው፤ በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ ቶሎ ካላለቀ ቢራው ይሞታል። ጃምቦው ሲመጣ አረፋውን ይመልከቱ፤ ወዲያው ከጠፋ ብርጭቆው ላይ ሳሙና ወይም ቅባት ቀርቶበታል ማለት ነው። ቢራው ውስጥ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው የሚቀሩ የጋዝ ፊኛዎችም ያንኑ ይናገራሉ። የኮምጣጤ ወይም የቅቤ ሽታ ካለው ቱቦው አልጸዳም፤ በሌላ ቀን ቢመለሱም ቱቦው ካልታጠበ በቀር አይሻሻልም።

ንጽሕናውና ጤናውስ እንዴት ነው?

ጠላ ከተጠመቀ በኋላ እሳት ላይ ተጥዶ አይፈላም፤ የሚሞላበት ውኃም ሁልጊዜ የፈላ አይደለም። አልኮሉ፣ አሲዱና ጌሾው ተሕዋስያንን ይቀንሳሉ እንጂ ጨርሰው አያጠፉም። ስለዚህ የሚመለከቱት ሦስት ነገር ነው፤ ውኃው የቧንቧ ወይስ የጉድጓድ፣ ጣሳው የሚታጠበው በንጹሕ ውኃ ወይስ በአንድ ባልዲ ተደጋግሞ፣ ጋኑስ ክዳን አለው ወይ የሚሉት። ሆድዎ ለአካባቢው አዲስ ከሆነ ጉሹን ትተው የጠለለውን በጥቂቱ ይጀምሩ። ነፍሰ ጡር፣ የጉበት ሕመምተኛ ወይም ከአልኮል ጋር የማይሄድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ቀላል ነው» በሚል ጠላን ለይቶ መፍቀድ የለበትም።

አረቄ ሌላ ጉዳይ ነው። በየቤቱ የሚወጣው አረቄ ከጠላ በብዙ እጥፍ የሚበረታ ሲሆን፣ የሚወጣበት መንገድ ቁጥጥር ከሌለው በሜታኖል የመመረዝ አደጋ ሊኖረው ይችላል። የጠማቂዋን እጅ በደንብ ሳያውቁ አይጠጡት።

ሕጉ ምን ይላል?

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። ጠጥቶ ማሽከርከርም እንዲሁ፤ ይህ ባሕር ዳር ላይ ብዙ ሰው የሚነዳውን ሳይክል ይዞ ለሚመጣ ጠጪም ማሰቢያ ሊሆን ይገባል፤ በተለይ በማታ።

የወደድኩትን ጠላ ገዝቼ ወደ ቤት መውሰድ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ብዙ ቤቶች በጀሪካን ይሸጣሉ። የምግብ ዘይት ወይም የውኃ የነበረ ንጹሕ ጀሪካን ይዘው ይሂዱ፤ ኬሚካል ወይም ነዳጅ የነበረበት ምንም ቢታጠብ አይሆንም። ጠላው በጀሪካኑ ውስጥም መብላላቱን ስለማያቆም እስከ አፉ አይሙሉት፤ ክዳኑንም ላላ ያድርጉት፤ አለበለዚያ በባጃጅ ውስጥ ሲንገጫገጭ ሊገነፍል ይችላል። ቤት ሲደርሱ ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡትና በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ይጠጡት። ባለቤቷ የራሷን ዕቃ ካዋሰችዎ አጥበው በማግሥቱ ይመልሱላት፤ በዚያው የሚቀጥለው ጋን የሚከፈትበትን ቀን ይጠይቋታል።